አንድ ጥርስ ቀንሺለት

ከሦስት ቀን በኋላ መብራት መጣ ማታ፤
ሆጤ ጉም ለብሳለች፣ ሰፈሩ ተኝቷል፣ ደጁ ሁሉ ጸጥታ።
ክዳኑን አንስቼ፣ አራቱን ብሎኖች በስኳር ዕቃ ክዳን ደርድሬ፣
ቁጭ አልኩኝ ከፊቱ፣ በእጄ ከሠራሁት ከዚህ ከጉድ ፍጡሬ።

ማዘርቦርዱ የመጣው ኮምቦልቻ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት፤
ፕሮሰሰሩን እንድሪስ ነው ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከስልክ ሽፋን ጀርባ፣
በፌስታል ጠቅልሎ ያቆየው ለዓመት።
አዲሱ ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው፣ የዕቁብ ዕጣዬን የበላው፤
እናቴ እስከዛሬ ለፍሪጅ ቀብድ እንደከፈልኩ ነው የምታውቀው።

ጀርባው ላይ የተጻፈው ሦስት ነጥብ ስድስት ነው።
የጻፈው ሰው ጽፎ ሄደ።
ስንት ትችላለህ ብሎ ማን ጠየቀው?

መስኮቱን ከፈትኩት። የጦሳ ብርድ ገባ፣ ጫማ ሳያወልቅ፤
ኮምቦልቻ ቢሆን በገንዘብ አይገኝ፣ እዚህ በነጻ የሚወድቅ።
ዲሊትን ደጋግሜ ነካሁ። ሰማያዊው ገጽ መጣ።
ሠላሳ ስድስቱን ሠላሳ ስምንት አልኩት፤ ኮሽታም አልወጣ።
አርባ አልኩት፤ ተነሣ።
አርባ ሁለት፤ ተነሣ፣ ፋኑ ብቻ ትንሽ አገሣ።
ቮልቴጁን እንደ ጨው በጣቴ ቆንጥሬ፣
ሙቀቱን በዓይኔ፣ ቁጥሩን በከንፈሬ፣
ስልሳ ሁለት... ስልሳ ስምንት... ሰባ አንድ...
ከግንባሬ ላቡ፣ በዚያ ሁሉ ብርድ።

ጣት ግን ስግብግብ ነው፤ አርባ አራት ጫነ፤
ጨለማ ሆነ።

ፋኑ ይዞራል፤ ማንም የለም ውስጡ፤
መብራት እንደበራ ባለቤቶቹ ጥለውት እንደወጡ።
ዕቁቡን አሰብኩት። የእንድሪስን ፌስታል።
ፍሪጁን።

አባቴ ከኋላዬ ቆሟል።
ሃያ ስድስት ዓመት ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲያክም
ጆሮውን እዚያው ትቶት ስለመጣ፣ የኔን "ወየው" አልሰማም፤
ብርዱ ነው የቀሰቀሰው።
መስኮቱን አየ። እኔን አየ። መዳፉን ከቆርቆሮው ጎን አኖረ፤
በዚያው በኩል መስማት ጀመረ።

"አጣደፍሽው፣ ሰኪና?"
ራሴን ነቀነቅኩ።
"እኔም አንድ ሌሊት፣ ፈረቃ ሳይቀየር ኮታ ልሙላ ብዬ፣
ማርሹን አንድ ጥርስ ጨምሬ ለቀቅኩት፤
ጨርቁ መጣ፣ መጣ፣ ጎረፈ... ከዚያ ያ ሁሉ ክር
ባንድ ጊዜ ሲበጠስ ሰማሁት።
በደንብ የሰማሁት የመጨረሻ ድምፅ እሱ ሳይሆን አይቀርም።"
ሳቀ። "ይሄ ደንግጦ ነው። እንዲረሳ አድርጊው፤ አይሞትም።"

ባትሪውን አወጣሁ፣ እንደ ሳንቲም ክብ፤
ሠላሳ ድረስ ቆጠርን፣ እሱ በከንፈሩ፣ እኔ በልብ።
መለስኩት። ጫንኩት።
ተነሣ!
ቀኑን ግን ፈጽሞ ረሳ፤
አሥር ዓመት ወደኋላ ሸሽቶ፣ ጃንዋሪ አንድ ነው አለን።
ቤታችን ገና አልተዘረፈም። የዚህ መስኮት መስታወት አልተሰበረም።
በፒያሳ በኩል ማንም ሻንጣ ተሸክሞ አልሮጠም።
አባቴ ቁጥሩን ትክ ብሎ አየው፤ ምንም አላለም።
ቀኑን ማስተካከል ግድ ነው።
አስተካከልኩት።

"አርባ ሁለት ችሏል፤ አርባ ሦስት ልሞክር?" በጣቴ ጠየቅኩት።
የኔኑ ጣት ይዞ አጠፋት።
"ከሚችለው ላይ አንድ ጥርስ ቀንሺለት፤
ነገም ቀን ነው፣ ይሥራበት።"

አርባ አንድ ላይ ተውኩት። ፈተናው እስኪነጋ ይሂድ ብዬ ለቀቅኩ፤
ቁጥሩ ቢወርድ ቢወጣ፣ ከሰባ እንዳያልፍ ጠበቅኩ።
አባቴ ወንበር ስቦ፣ መዳፉን ከማሽኑ ሳያነሳ አደረ።
ሲያዳምጥለት መስሎኝ ነበረ፤
ጎህ ሲቀድ ዞር ብዬ አየሁት፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤
ለካ ሞቆታል።